ስድስት ጥቅል ሳቅ

ሰው ስድስት ጥቅል ፊልም ሙሉ ሊስቅ አይችልም ይሉ ነበር። አንድ ጥቅል ይስቃል፣ ሁለትም ይስቃል፣ ከዚያ በኋላ ግን ይሰለቸዋል፣ ባርኔጣውን አንስቶ ይወጣል። ያን ጊዜ በሎስ አንጀለስ፣ እኛ በምንሠራበት በኤደንዴል ሰፈር፣ ይህን የማይል ሰው አልነበረም። ፀጉር አስተካካዬ ጢሜን እየላጨ ይነግረኛል፤ የትራሙ ትኬት ቆራጭ ሳይቀር ይነግረኛል። ለቅሶ ከሆነ ይረዝማል፣ ንጉሥና ጦርነት ከሆነም ይረዝማል፣ ቀልድ ግን አጭር ነገር ነው። እኛ ደግሞ የያዝነው ስድስት ጥቅል፣ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጅ ቀልድ ነበር።

የኩባንያችን ባለቤት ሚስተር ሊንዳወር ያለውን ሁሉ እዚህ ፊልም ላይ ከትቶ እንቅልፍ አጥቷል። ቀይና ደልዳላ የነበረው ሰውዬ አንገቱ ኮሌታው ውስጥ መዋኘት ጀምሯል። ጨጓራው ምግብ እምቢ ስላለው ደረቅ ብስኩት ብቻ እየቆረጠመ ይውላል። ረፋዱ ላይ ይመጣና ከኋላዬ ይቆማል፤ የብስኩቱ ድምፅ ጆሮዬ ሥር ይሰማኛል።

"ቦ፣ ያስቃል?" ይለኛል።

"ያስቃል ሚስተር ሊንዳወር።"

"አንተ ግን አልሳቅህም።"

"እኔ እያዞርኩ ነው ጌታዬ።"

እናቴ ያወጣችልኝ ስም ቦሁሚል ነው። ከቦሄሚያ ይዤው የመጣሁት ስም ካሊፎርኒያ ውስጥ ለማንም አፍ ስላልተመቸ ቦ ሆኜ ቀረሁ። ሥራዬ የካሜራውን መዘውር በእጄ ማዞር ነው። እኩል መዞር አለበት። ቀልድ ሲሆን ሆን ብዬ ቀስ አደርገዋለሁ፤ እኔ ቀስ ባልኩ መጠን ሰዎቹ በሲኒማው ሸራ ላይ ይፈጥናሉ፣ አሯሯጣቸው የዶሮ ይሆናል። ካሜራ የያዘ ሰው አይስቅም፣ አያስነጥስም፣ ዝንብ አፍንጫው ላይ ብታርፍ አያባርራትም። ከሁሉ በላይ አያቆምም። ግድግዳ ቢናድ፣ ፈረስ ደንብሮ ቢመጣበት፣ አዘጋጁ "በቃ!" እስኪል ድረስ ያዞራል። ብዙ ጊዜ ሰውን የሚያስቀው ማንም ያላሰበው ነገር ነውና።

የፊልማችን ዋና ተዋናይ ደግሞ ሚስቴ ዜልማ ነበረች።

ዜልማ አጭርና ጠንካራ ሴት ነበረች። ከአባቷ ጋር ከከተማ ከተማ በድንኳን ቲያትር እየዞረች፣ እየተገለባበጠች ነው ያደገችው። ፊቷን እንደ ሊጥ ወደፈለገችው መልክ ትለውጠዋለች። በፊልሙ ውስጥ ወይዘሪት ትዊል ትባላለች፤ የእርሻ መሬት ያላት፣ ዕድሜዋ ትንሽ የገፋ ሴት ናት። አንድ አጭበርባሪ ለመሬቷ ሲል ሊያገባት ይመጣል። በሰርጉ ቀን ነገሩ ይገባትና ቬሎዋን እንደለበሰች ትሸሻለች። ሙሽራው ይከተላታል፤ ቄሱ፣ ፖሊሱ፣ ኬክ ጋጋሪው፣ ከተማው በሙሉ ይከተላታል። ታሪኩ ይኸው ነው። ለስድስት ጥቅል ትሮጣለች።

ቀረፃው ከተጋመሰ በኋላ፣ ኬክ ታቅፋ በልብስ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሆና ደረጃ የምትንሸራተትበትን ክፍል ሠራን። ገንዳው መሃል ላይ ዞረና ግራ እጇ በገንዳውና በደረጃው መደገፊያ መካከል ተያዘ። እኔ አየሁት። እሷ ግን ታች ደርሳ ተነሳችና የቀረውን ኬክ፣ እንደተባባልነው፣ ሙሽራውን የሚጫወተው ፊንች ፊት ላይ ለጠፈችው። አዘጋጃችን ባርናቢ ክረል ከሳቁ የተነሳ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሁሉም ሳቀ። እኔ አዞርኩ።

ማታ ቤት ገብተን ኮቴን ሳላወልቅ ጠራችኝ።

"ቦ፣ ና እስቲ ይቺን ቁልፍ ፍታልኝ።"

"አንቺስ?"

"ባል ያገባሁት ለምን ይመስልሃል?"

እራት ላይ ሥጋውን በሹካ ጎን ስትታገለው አየኋት። ቢላዋውን አልነካችውም።

"አምጪ እጅሽን" አልኳት።

"የቱን?"

"የደበቅሽውን።"

ከጠረጴዛው ሥር አወጣችው። አንጓው አብጦ የእጇ ቅርፅ ጠፍቷል። በጣቴ ጫፍ ብቻ ነካሁት፤ ወንበሩ ላይ ዘለለች።

"ጣቶቼ ይንቀሳቀሳሉ፤ ተመልከት" አለች።

"ነገ ለክረል እነግረዋለሁ።"

"ንገረውና ታየኛለህ! ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶህ ነው? ያንን ተከር የሚሉትን፣ በተዋናዮች ፋንታ የሚወድቀውን ግንድ ዊግ አድርጎለት፣ የኔን ቬሎ አልብሶ መሰላሉ ላይ ይሰቅለዋል።"

"ይስቀለዋ!"

"ጢሙ በዱቄቱ ሥር እየታየ?" ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁን ተወችው። "ስማኝ ቦ። እስከዛሬ በሠራሁት ሁሉ ጥሩ ጥሩው አወዳደቅ ሲመጣ 'አንቺ ዞር በይ' እየተባልኩ ወንድ በቀሚስ ሲወድቅልኝ ኖሬያለሁ። በዚህኛው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኔ ነኝ። ሰው ፊቴን ካላየ፣ መሰላል ላይ የተሰጣ ልብስ ቢያይ ምን ያስቀዋል?"

እጇን በቀዝቃዛ ውሃ በነከርኩት ጨርቅ ጠቀለልኩላትና ተኛን። እሷ ተኛች ማለቴ ነው።

የምትለው መሰላል የፊልሙ መጨረሻ ነበር። ሚስተር ሊንዳወር ከአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ከሥራ የወጣ የእሳት አደጋ መኪና ገዝቶ ቀይ ቀለም አስቀብቶታል። መሰላሉ ወደ ላይ ይመዘዛል፣ ደግሞም እንደ ክሬን በራሱ ዙሪያ ይሽከረከራል። ሙሽሪት ከፎቅ ጣሪያ ላይ ዘላ ጫፉን ትይዛለች፤ ፊንች ከታች እየወጣ ይከተላታል፤ መሰላሉ ሁለቱንም ይዞ መንገዱ ላይ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። የሚያንቀሳቅሰው ጉንደርሰን የሚባል ሽማግሌ መርከበኛ ነው። ጎበዝ ሰው ነው፤ ግን የመኪናው ሞተር ሲጮህ አጠገቡ መድፍ ቢተኮስ አይሰማም። ክረል ድምፁን በሚያጎላበት የቆርቆሮ ጡሩምባ ቢጮህ ዋጋ ስለሌለው በምልክት ተስማማን። ጉንደርሰን የሚያየው እኔን ነው። ክንዴ መዘውሩን እስካዞረ ድረስ ያወዛውዛል። ክንዴ ቆሞ ቆቤን ወደ ላይ ካነሳሁ መሰላሉን ያወርዳል።

ይህን ምልክት ስንለማመደው ቀላል መስሎኝ ነበር።

ከተማው መንገዱን የፈቀደልን ለአንድ ቀን፣ ለማግስቱ ብቻ ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት ዜልማ ቬሎዋን ልትለብስ ስትገባ ክረል ጋ ሄድኩ። ክረል ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝም ማለት የማይችል ሰው ነው። ከአፉ የሲጋራ ቁራጭ አይጠፋም።

"ሚስተር ክረል፣ የዜልማ ግራ እጅ ተጎድቷል። መሰላሉን መያዝ አትችልም።"

ቀና ብሎ አየኝ። "ማን አለ?"

"እኔ አልኩ። አይቼዋለሁ።"

"አንተ ሐኪም ነህ ወይስ መዘውር አዟሪ?" አለና ጡሩምባውን አነሳ። "ዜልማ! የኔ ቆንጆ! ባልሽ እጅሽ ተሰብሯል ይለኛል!"

መንገዱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። ዜልማ ከልብስ መቀየሪያው ድንኳን ብቅ አለች፣ በነጭ ቬሎ። አንድ አፍታ አየችኝ። ከዚያ ሳቀችና፣ "ትናንት ድንቹን አሳርሬበት ነው! ቂም ይዞ ነው!" አለች። ሠራተኞቹ ሳቁ። ከመኪናው ጎን የተቀመጠውን ውሃ የሞላ ባልዲ በግራ እጇ አነሳችው። እስከ ትከሻዋ ድረስ አነሳችውና ያዘችው፤ በቀኝ እጇ ደግሞ ለክረል በአየር ላይ መሳም ላከችለት።

ሁሉም አጨበጨበ። እኔ ግን አፏን እያየሁ ነበር። ዜልማ የውሸት ስትወድቅ፣ የውሸት ስትደነግጥ፣ አፏ እንደ በር ይከፈታል፤ መላ ከተማው ጉሮሮዋን ያያል። የእውነት ሲያማት ግን ይዘጋል። ከንፈሮቿ ተጣብቀው ነጭ መስመር ይሆናሉ። ያኔ ተዘግቶ ነበር።

"አየህ?" አለኝ ክረል ጀርባዬን መታ እያደረገ። "ሂድና ካሜራህን ያዝ። ሚስት ያለው ካሜራ ሠራተኛ መቅጠሬ የኔ ጥፋት ነው።"

ስታልፍ አጠገቤ ቆም ብላ አንገትጌዬን ያስተካከለችልኝ መሰለች። "ሁለተኛ በሰው ፊት እንዲህ ብታደርገኝ ቤቴ አትገባም" አለች፣ ፈገግታዋ ሳይጠፋ።

ካሜራውን ከመንገዱ ማዶ ካለው ዝቅተኛ የዕቃ መደብር ጣሪያ ላይ ተከልኩ። ከዚያ ጉንደርሰንን ከታች፣ መሰላሉን ፊት ለፊት አየዋለሁ። ክረል በቀኜ ቆመ። ሚስተር ሊንዳወር ከኋላዬ ቆመ። መንገዱ በሰው ተሞልቷል፤ ሴቶች ጥላ ይዘው፣ ወንዶች የመብራት ምሰሶ ላይ ተንጠላጥለው፣ ልጆች በአባቶቻቸው ትከሻ ላይ። ነፃ ትርዒት ነው።

ዜልማ ወደ ፎቁ ከመግባቷ በፊት ከታች ሆና ወደ ክረል ጮኸች። "ባርናቢ! ጫፉ ላይ ስደርስ አንዴ የሳትኩ መስዬ በአንድ እጅ እንጠለጠላለሁ! እንዳትደነግጡ! እንዳታቆሙኝ!"

"እግዚአብሔር ይባርክሽ!" አላት ክረል።

ያን ያለችው ለክረል አልነበረም። ለእኔ ነበር። አስቀድማ በሩን ዘጋችብኝ። ከእንግዲህ ብትንሸራተት ማንም ሰው እውነት ነው አይልም።

"ተዘጋጅ" አለ ክረል። "አዙር!"

አዞርኩ።

ጣሪያው ጫፍ ላይ ብቅ አለች። ቬሎዋን ሰብስባ ወደኋላ ዞራ አየች፤ አፏን ከፈተችና ዘለለች። ቀኝ እጇ መሰላሉን ያዘ፣ ግራዋ ተከተለ። ሕዝቡ ጮኸ። ፊንች ከታች መውጣት ጀመረ፤ ባርኔጣው ወደቀ፤ ሳቅ። ጉንደርሰን መሰላሉን ወደ ግራ ወሰደው፣ ቬሎዋ እንደ ባንዲራ ተነፋ፤ ሳቅ። ወደ ቀኝ መለሰው። በመመልከቻው ቀዳዳ ውስጥ ትንሽ ነጭ ነገር ሆና አያታለሁ። ክንዴ ይዞራል። በልቤ ምት እንዳላፈጥን ፈርቼ አንድ የእናቴን ዘፈን በውስጤ አዜምኩ፤ ከዘፈኑ ጋር አዞርኩ።

ከዚያ ግራ እጇ ለቀቀ።

"ይኸው!" አለ ክረል። "ይኸው ነው! ተመልከት እንዴት እንደምትሠራው!"

እግሮቿ አየር ይረግጣሉ። ጫማዋ ወልቆ መንገድ ላይ ወደቀ፤ ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ፊንች ታች ሆኖ ቀና ብሎ የታሰበውን የቁጣ ፊት እያሳየ ነው፤ ምንም አልገባውም። ግራ እጇን ወደ መሰላሉ አነሳችው። ነካው። አልያዘም። ደግማ አነሳችው።

መሰላሉ ወደ እኛ ዞሮ ተጠጋ፤ ፊቷን አየሁት።

አፏ ተዘግቶ ነበር።

ያኔ ያሰብኩት ብዙ ነገር እንደነበር ሰዎች ሲጠይቁኝ እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ምንም አላሰብኩም። አቆምኩ። ክንዴ ቆመ። ቆቤን አውልቄ ወደ ሰማይ አነሳሁና እንደ እብድ አውለበለብኩት።

"ምን እያደረግህ ነው?" ክረል አበደ። "አዙር! አንተ ውሻ፣ አዙር!" መዘውሩን ራሱ ሊይዝ ተወረወረ፤ በክርኔ ገፋሁት። የካሜራው እግር ተንገዳገደ። ጉንደርሰን ታች ሆኖ አየኝ፤ ክረልንም አየ፣ በሁለት እጁ "ቀጥል! ቀጥል!" የሚለውን። ሽማግሌው ግራ ገባው። መሰላሉ አንድ ጊዜ ቆመ፤ ቆሞ ተንቀጠቀጠ። ዜልማም ጫፉ ላይ አብራው ተንቀጠቀጠች።

"ጉንደርሰን! አውርድ!" ብዬ ጮህኩ፤ የማይሰማ ሰው ላይ።

በዚህ ጊዜ ከኋላዬ ሚስተር ሊንዳወር ወደ ጣሪያው ጫፍ መጣ። የራሱን ጥቁር ባርኔጣ አውልቆ ከቆቤ ጎን አነሳው። ፊቱ የሬሳ መስሏል። ባርኔጣውን ብቻ ይዞ ቆመ።

ጉንደርሰን የባለቤቱን ባርኔጣ አየ። መሰላሉ መውረድ ጀመረ።

እንዴት ያለ አዝጋሚ አወራረድ ነበር! ብረቱ ከብረት ጋር እየተፋጨ፣ አንዱ ዘንግ ወደ ሌላው እየገባ፣ እያንዳንዱ ሲገባ እየነቀነቃት። ሕዝቡ አሁንም ይስቃል። ጣቶቿ አንድ በአንድ ሲንሸራተቱ ከማዶ ሆኜ የማያቸው መሰለኝ። ወደ ፍራፍሬ ሻጩ ሱቅ ሸራ ጥላ ስትጠጋ እጇ ለቀቀ። ሸራው ላይ ወደቀች፤ ሸራው ለሁለት ተቀደደ፤ ከሥሩ ወዳለው የብርቱካን ክምር ውስጥ ገባች። ብርቱካኑ መንገዱን ሞላው። ሰው ረግጦት እየተንሸራተተ እርስ በርሱ ወደቀ፤ አንድ ወፍራም ፖሊስ በጀርባው ተዘረጋ፤ ከተማው እንዲያ ሲስቅ ሰምቼ አላውቅም።

ክረል ራሱን ይዞ ተቀመጠ። "ብርቱካኑ" አለ፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። "ብርቱካኑን አልቀረፅክም። በሕይወቴ ያየሁት ትልቁ ቀልድ፣ ካሜራው ቆሞ አለፈ።"

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ስደርስ ብርቱካን ላይ ተቀምጣ ቀኝ እጇን ለሕዝቡ ታውለበልባለች። ግራ አንጓዋ ወደማይታጠፍበት ታጥፏል።

"ዜልማ!"

"ለምን አቆምክ?" አለችኝ በጥርሷ መካከል፣ ፈገግ እያለች። "ቀኝ እጄ ይዞ ነበር። ይዞ ነበር እኮ ቦ!"

"አፍሽ ተዘግቶ ነበር።"

ፈገግታው ከፊቷ ላይ ወደቀና ራሷን ሳተች።

ሐኪሙ እስከ ክርኗ ድረስ ጄሶ አደረገላት። ክረል ከካሜራ አባረረኝ። የቀረውን፣ ሙሽሪት ድርቆሽ በተጫነ ጋሪ ላይ ተቀምጣ ከተማውን ትታ የምትሄድበትን ክፍል፣ ከጎረቤት ኩባንያ የመጣ ሌላ ሰው ቀረፀው፤ ጄሶውን ድርቆሽ ውስጥ ቀብረውት። እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ነበር። ዜልማ ስትመለስ አላነጋገረችኝም። ሾርባ ሳቀርብላት "አመሰግናለሁ" ትላለች፤ ቁልፏን ስፈታላት ጀርባዋን ትሰጠኛለች። በአንድ ቤት ውስጥ ከሴት ዝምታ ጋር መኖርን የማያውቅ ካለ ደስ ይበለው።

ያስጨነቀኝ ዝምታዋ ብቻ አልነበረም። ምናልባት ልክ ነች እያልኩ አስብ ነበር። ምናልባት በእርግጥ ይዞ ነበር። ምናልባት የመጨረሻውን ክፍል በፍርሃቴ ገድዬው፣ ፊልሙን ገድዬው፣ ሚስተር ሊንዳወርንም አብሬ ገድዬው ይሆናል። መሰላሉ ሲቆም ባይንቀጠቀጥስ፣ ሲወርድ ባይነቀንቃትስ ኖሮ? ማን ያውቃል? ዛሬም አላውቅም።

ፊልሙ ተቆርጦና ተቀጣጥሎ ሲያልቅ፣ የሎስ አንጀለስ ሰው አይቶ ወሬ እንዳያወራ፣ መጀመሪያ በሳን በርናርዲኖ ሊያሳዩት ተስማሙ። እሑድ ከሰዓት ነበር። ሚስተር ሊንዳወር ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ "ሁለታችሁም ትመጣላችሁ" አለ።

"ክረል ካየኝ ይገድለኛል" አልኩት።

"ሰው ካልሳቀ እኔ ቀድሜ እሞታለሁ፤ ተራህን ጠብቅ" አለኝ።

በባቡር ሄድን። ሲኒማ ቤቱ ትንሽና ሞቃት ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የመጣ ገበሬ፣ የባቡር ሠራተኛ፣ ጨቅላ የታቀፉ እናቶች ሞልተውታል። ከኋላ ወንበር ተቀመጥን። ክረል ከፊት ለፊታችን ነበር፤ ዞሮም አላየኝ። መብራቱ ጠፋ፤ ፒያኖ የምትመታው ሴትዮ ጀመረች።

የመጀመሪያው ጥቅል ዝም። ሳል ብቻ። አንድ ሕፃን አለቀሰ። ፊንች ከነፈረሱ ጭቃ ውስጥ ሲገባ አንድ ሰውዬ "ህ" አለ፤ ያ ብቻ ነበር። በጨለማው የሚስተር ሊንዳወር ጉልበት ሲርገበገብ ወንበሬ ድረስ ይሰማኛል። ሁለተኛው ጥቅል ሲጀምር አንድ ገበሬ ተነሳ፤ ሊወጣ መስሎኝ ነበር፤ ግን ኮቱን ለማውለቅ ነው የተነሳው።

ከዚያ ዜልማ በገንዳው ደረጃውን ወረደች።

መጀመሪያ አንዲት አሮጊት ናት የሳቀችው። እንደ አይጥ ሲጥ ያለ ሳቅ ነበር፤ ሰዎች በእሷ ሳቁ፤ ኬኩ ፊንች ፊት ላይ ሲለጠፍ ደግሞ ቤቱ በሙሉ አንድ ላይ ፈነዳ። ከዚያ በኋላ አላቆመም። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው። ሰው ሆዱን ይዞ፣ "ኧረ በቃ፣ በናታችሁ በቃ" ይላል። ሚስተር ሊንዳወር እጁን አፉ ላይ አድርጎ ያለቅስ ነበር።

መሰላሉ መጣ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ሳቁን ግን መጨፈን አይቻልም። የት እንደደረሰ ከሳቁ አውቃለሁ፤ ባርኔጣው፣ ቬሎው፣ ጫማው። የዜልማ ደህናው እጅ ጉልበቴን ያዘ። ይበልጥ ያዘ። ጥፍሯ በሱሪዬ አልፎ ሥጋዬ ውስጥ ሲገባ ዓይኔን ገለጥኩ። ቀስ ብዬ ስላዞርኩት ሸራው ላይ በጣም ፈጣን ነበር፤ ለእኔ ዘመን የነበረው ነገር ብልጭ ብሎ የሚያልፍ ሆኗል፤ እግሮቿ እንደ አሻንጉሊት ይርገበገባሉ። ከዚያ ፊቷ ወደ እኛ ዞረ፤ በጨለማው መሃል የቤት በር የሚያህል ፊት፣ ከንፈሩ የተጣበቀ። እዚያ ላይ ፊልሙ ተቆርጦ ታሪኩን የሚያስረዳ ጽሑፍ ገባ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ።

"አውጣኝ" አለችኝ በጆሮዬ።

"አመመሽ?"

"ከዚህ አውጣኝ ቦ።"

ውጪ ፀሐዩ ዓይን ያጠፋል። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ጥርሶቿ ይጋጫሉ። ኮቴን ደረብኩላት፤ በዚያ ሙቀት።

"እንደዚህ ነበር የሚታየው?" አለች።

"እንደዚህ ነበር።"

"ይዞኛል ብዬ ነበር። እምልልሃለሁ። ከታች ሲስቁ ይሰማኝ ነበር። ይህን ያህል ከሳቁማ ደህና ነኝ ማለት ነው ብዬ..." አልጨረሰችውም። "ፊቴን አየኸው? ያቺ ሴትዮ እየሞተች ነበር እኮ።"

አጠገቧ ተቀመጥኩና ጄሶውን ጭኔ ላይ አደረግኩት፣ ክብደቱን እንድይዝላት። ከግድግዳው ጀርባ ሕዝቡ አሁንም ይስቃል። በሳቀ ቁጥር ትሸማቀቃለች።

በሩ ተከፈተና ሚስተር ሊንዳወር ወጣ፤ ክራባቱ ዞሯል፣ ፊቱ በእንባ ርሷል። "ምን ታደርጋላችሁ እዚህ? ግቡ እንጂ! እየሳቁ ነው! ስድስተኛው ላይ ነን፣ አሁንም እየሳቁ ነው!" ዜልማን አየና በጥሩ ሱሪው አጠገባችን አቧራው ላይ ተቀመጠ።

"ይቅርታ ሚስተር ሊንዳወር" አለችው። "ትንሽ ይተዉኝ፤ እገባለሁ።"

"አትግቢ" አላት። "ያልቅ። ሲያልቅ እነሱ ይወጡልናል።"

ፊልሙ እስከ ኒው ዮርክ ሄደ፤ ሚስተር ሊንዳወርም ሰው ሆነ። ክረል ግን ስለ ብርቱካኑ በሕይወቱ ይቅር አላለኝም። ጄሶው ተፈትቶ አንጓዋ ሲጠገን ዜልማ ወደ ሥራ ተመለሰች፤ መጀመሪያ ያለችውም፣ "መዘውሩን ቦ ካልያዘ አልዘልም" ነው። ክረል ተሳደበ፣ ጡሩምባውን ወረወረ፣ ግን ካሜራውን መለሰልኝ።

የሚቀጥለው ፊልም በባቡር ድልድይ ላይ ነበር። የቀረፃው ቀን ጠዋት ክረል "ተዘጋጅ" ሲል፣ ከድልድዩ ላይ ሆና እጇን አውለበለበችልኝ። እጄን መዘውሩ ላይ አደረግኩ። መዳፌ በላብ ርሶ ይንሸራተት ነበር፤ በሱሪዬ ጠረግኩትና ደግሜ ያዝኩት።